የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ብቻዬን አጥፋለሁ የሚል ሰው ካለ ወይ አልጋው የሕፃን ነው፣ ወይ ሰውየው አጥፎ አያውቅም። የሆስፒታል አንሶላ ደግሞ ትልቅ ነው፤ ከመተኮሻው ማሽን ሲወጣ እጅ ይፈጃል። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ትይዛለች። ትወጥሩታላችሁ፣ አንዴ ታራግፉታላችሁ፣ በቁመቱ ታጥፉታላችሁ፣ ደግማችሁ ታጥፉታላችሁ። ከዚያ ትጠጋጋላችሁ። እጅ ለእጅ ትገናኙና አንዷ ጫፏን ለሌላዋ ሰጥታ፣ ጎንበስ ብላ ከታች የተንጠለጠለውን ታነሳለች። አለቀ። ቀጣዩ።

እኔ በዚህ ሥራ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ፤ አስራ ስድስቱን ከአንዲት ሴት ጋር። በእኛ ክፍል አብራሽ የምታጥፈው ሴት "ጥንድ" ነው የምትባለው። "ጥንድሽ የት ሄደች?" "ጥንዴን አሟታል" እንባባላለን። ስሟን አጥቼው አይደለም፤ ግን በስሟ ጠርቻት አላውቅም። እኔ ጥንዴ እላታለሁ፣ እሷም ጥንዴ ትለኛለች።

ማሽኑ ስለሚጮህ ራቅ ብለን ሳለን አንሰማማም። የምናወራው ስንጠጋጋ ነው። አንዷ ትጠይቃለች፣ ወደ ኋላ እንመለሳለን፣ አዲስ አንሶላ እንይዛለን፣ መልሱ በሚቀጥለው አንሶላ ይመጣል።

"ልጅሽ ደወለች?" ትለኛለች።

አንድ አንሶላ።

"ደወለች። ልታገባ ነው መሰለኝ።"

"መሰለኝ ማለት ምን ማለት ነው?"

አንድ አንሶላ።

"ሳቋ ተቀይሯል።"

እንዲህ ነው። አንድ ወሬ ለመጨረስ ሠላሳ አንሶላ ይፈልጋል። ክፉ ቃል አፋችን ላይ ሲደርስ አንሶላው መጥቶ ይገላግለናል፤ ለዚህ ነው መሰለኝ በዚያ ሁሉ ዓመት ተቀያይመን የማናውቀው። ትንሹ ልጄ ታሞ ተስፋ የቆረጥኩ ጊዜ፣ እያጠፍኩ እጸልይ ነበር። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ እያየች፣ ምን እንዳልኩ ሳትሰማ፣ ከዚያኛው ጫፍ "አሜን" ትለኝ ነበር። እግዚአብሔር ማረልኝ፤ ልጁ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው።

ጥንዴ አላገባችም። አልጋ የያዙ እናቷን ነው የምታስታምመው። ጠዋት አጥባ፣ አገላብጣ፣ አጉርሳ፣ ጎረቤቷ እስክትመጣላት ጠብቃ ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ አንዳንድ ቀን ታረፍዳለች። የእኛ ግድግዳ ላይ ሽርጥ የሚሰቀልባቸው ሁለት መንጠቆዎች አሉ። እሷ እስክትደርስ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ እዚያ ላይ ሰክቼ ብቻዬን አጥፋለሁ። ያማል፤ ክንድ ይገነጥላል። ግን ክምሩ ሳይጎድል ትደርሳለች። አሮጊቷ ተቆጣጣሪያችን ያያሉ። አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። እድሜ ይስጣቸው።

የልጆቼ አባት እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ቦይለር ክፍል ነበር። የእኛን ማሽን የሚያሞቀው እንፋሎት ከእሱ ነው የሚመጣው። ማታ ቤት ሲገባ "እንዴት ዋላችሁ" አይልም፤ "አንሶላችሁ ሞቀ?" ነው የሚለኝ። አስራ አንድ ዓመት የክፍሉ አለቃ ነበር። ሦስት ሰዎች በሥሩ፣ የቁልፍ ዘለላ በቀበቶው ላይ። ሲራመድ ቁልፉ ይንሿሿል፤ ልጆቼ ገና በር ሳይደርስ "አለቃ መጣ!" እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም ደስ ይለው ነበር። ሰፈሩም ስሙን ረስቶ አለቃ ነው የሚለው።

አንድ ጊዜ ሆስፒታሉ ለሠራተኛው ሁሉ ወረቀት በተነ። በሥራችሁ የሚያስደስታችሁን በቅደም ተከተል ቁጥር ስጡት ይላል። ማታ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሞላን። እሱ አንደኛ ያለው እድገትና ኃላፊነትን ነው። እኔ አንደኛ ያልኩት አብሮ የሚሠራ ሰውን ነው፤ እድገትን መጨረሻ ላይ ወረወርኩት።

"ምን ዓይነት ሰው ነሽ?" አለኝ ወረቀቴን አየት አድርጎ። "ሥራ ትሄጃለሽ ወይስ ልትጫወቺ?"

"አንተስ? ቁልፍ ልታንሿሿ ነው የምትሄደው?"

ሳቅን። ወረቀቱን አጥፈን ሰጠን። ከዚያ ረሳነው። በዓይናችን አይተን፣ በእጃችን ጽፈን፣ ረሳነው።

ከዚያ በኋላ አዲስ ቦይለር መጣ። አካፋ የለው፣ ጭስ የለው፤ ሁሉ ነገሩ በጣት ተጭኖ የሚሠራ ነው። እሱን የተማረ ወጣት ተቀጠረና የልጆቼ አባት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። ደመወዙ አልተነካም። የነገረኝ ቀን እኔ ምን አልኩ? እልል አልኩ። እውነቴን ነው፣ ወጥ ቤት ቆሜ እልል አልኩ።

"ተመስገን ጌታዬ! እጅህ ከእሳት ወጣ! ወንበር አለው?"

"አለው።"

"የምታወራው ሰውስ?"

"ሁለት ሰዎች አሉ።"

"ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?"

"ምንም" አለ።

እኔ ሰው ከሥራ የሚፈልገው ይሄንን ይመስለኝ ነበር፦ አረፍ የሚልበት፣ የሚያወጋው ሰው፣ በጊዜ ወደ ቤት። ለእኔ የሚበቃኝ ስለሆነ ለእሱም የሚበቃው መሰለኝ። እሑድ ቤተ እግዚአብሔር ሄጄ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አሜን አላለም፤ ጉሮሮውን ያመመው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ማፏጨቱን ተወ። ፂሙን ሲላጭ ያፏጭ ነበር፣ ተወው። ሲነሳ እጁ ወደ ቀበቶው ይሄዳል፤ ባዶውን ይዳብስና ይመለሳል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አንድ ሰው ከኋላችን "አለቃ! አለቃ!" እያለ ተጣራ። እሱ ዞር አላለም።

"አንተ፣ ሰው እየጠራህ ነው እኮ!"

"እኔን አይደለም" አለኝ፤ መራመዱን ሳያቋርጥ።

ዓመት ሆነ። እድሜ ነው አልኩ። የእሱን ነገር በጸሎቴ አስገባሁ፤ ግን ምን ብዬ? "ጤና ስጠው" ብዬ። ጤናው ደህና ነበር።

አሮጊቷ ተቆጣጣሪ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው፣ አንድ ቀን የልጆቼ አባት ከሥራ ሲመጣ ከሩቅ ፉጨቱን ሰማሁ። ገባና ከደረት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ቁጭ በይ።"

"ምነው? ማን ሞተ?"

"ማን ይሞታል? ቁጭ በይ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!"

ተቀመጥኩ።

"ዛሬ ዋናው ኃላፊ ቢሮ ገብቼ ነበር።"

"አንተ? ለምን?"

"ስለ አንቺ።"

ክው አልኩ። "ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽም! በአሮጊቷ ቦታ እሷን አድርጉ አልኳቸው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ያለነቀፋ የሠራች፣ ማን ይበልጣታል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና እሺ አሉኝ። እሺ አሉኝ እኮ!"

"እኔን ሳትጠይቀኝ?"

"ይሄ ምኑ ይጠየቃል? የራስሽ ክፍል ይኖርሻል፣ መስታወት ያለው። በሩ ላይ ስምሽ ይለጠፋል።" ድምፁ ቀጠነ። "ስምሽ… በሩ ላይ።"

ጥቅሉን ፈታሁት። እስክሪብቶ ነው፤ ክዳኑ የሚያብረቀርቅ፣ ጥሩ እስክሪብቶ። ፊቱን አየሁት። ዓመት ሙሉ ያላየሁት ፊት ነው፤ ልጆቹ "አለቃ መጣ" ሲሉት የነበረው ፊት። ያን ጊዜ "አልፈልግም" ማለት ነበረብኝ። ግን ያንን ፊት አጥፍቼ እንዴት ልደር? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩት። በጸሎቴም ለእግዚአብሔር ነገርኩት። አልጠየቅኩትም፤ ነገርኩት ብቻ።

ትልቋ ልጄ ደወለች። "እማዬ፣ አባዬ ነገረኝ! ኮራሁብሽ! ምነው ድምፅሽ?"

"ጉንፋን ነው፣ የኔ ልጅ።"

ለጥንዴ የነገርኳት አንሶላ ይዘን ነው። አንድ አንሶላ። ከዚያ ስንጠጋ እጅ ነሳችኝ። "እትዬ ተቆጣጣሪ፣ ይፈቀድልኝና ጫፉን ልቀበል?"

"አፍሽን ዝጊ፣ አንቺ!"

አንድ አንሶላ።

"የኔን ጫፍ ማን ይይዝልኛል ታዲያ?"

በሚቀጥለው አንሶላ መልስ መስጠት ነበረብኝ። የሰጠኋት ጫፌን ብቻ ነው።

የመስታወቷ ክፍል ጠባብ ናት። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀት። ሁሉንም አያቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም አልሰማም። ሲስቁ ጥርሳቸው ይታየኛል፣ በምን እንደሳቁ አላውቅም። ስወጣ ሳቁ ይቆማል። እኔ ራሴ አሮጊቷ ሲወጡ ሳቄን አቆም ነበር፤ ያኔ እሳቸው ምን ይሰማቸው እንደነበር አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። የልጆቼ አባት ግን በየቀኑ በእኛ በር በኩል ዞሮ ያልፋል። መንገዱ አይደለም። በሩ ላይ ያለውን ስም ያነባል፣ በእጁ ሰላም ይለኝና ይሄዳል።

ለጥንዴ ከስፌት ክፍል የመጣች ረጅም ሴት ተመደበችላት። ረጅሟ ክፉ አይደለችም። ሥራ ታውቃለች፣ ወሬ አትወድም፤ መንጠቆውን ግን አታውቅም። ማንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም፤ ለምን እንዳልነገርኳት አሁን ሳስበው፣ መንጠቆው የእኔና የጥንዴ ስለመሰለኝ ይሆናል።

የጥንዴ እናት ባሰባቸው። ማርፈዷ በዛ። እኔም ወረቀቱ ላይ አንድ ሰዓት እንደገባች እያደረግሁ ለሁለት ወር ፈረምኩላት፤ በዚያው እስክሪብቶ። እሷ አላወቀችም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልቀለለኝም፤ ግን ለእናት ነው እያልኩ ፈረምኩ።

አንድ ጠዋት ዋናው ኃላፊ ከሁለት እንግዶች ጋር ገቡ። ረጅሟ አንድ አንሶላ በአንድ ጫፉ ይዛ ቆማለች። ሌላኛው ጫፍ መሬት ላይ ነው። የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ የታማሚ አንሶላ፣ መሬት ላይ!

"ይሄ ምንድነው?" አሉ።

"ጥንዴ አልመጣችም፣ ጌታዬ" አለች ረጅሟ። ምን ታድርግ፣ እውነቷን ነው።

ከክፍሌ ወጣሁ። ኃላፊው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። "እዚህ ላይ ግን አንድ ሰዓት ገብታለች ይላል። የእርስዎ ፊርማ ነው?"

"ነው።"

"አርፍዳ ስትመጣ ዝም ነው የሚሏት?"

እዚህ ላይ ነው። ሰው ለመንፈሳዊ ነገር ዕድሜውን ሙሉ ይዘጋጅና ፈተናው የሚመጣው በአንድ ጥያቄ ነው። "አዎ፣ እናቷ ታመውባት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብል፣ ከዚያች ወንበር ይነሱኝ ነበር፤ እሰየው። ግን በዚያች ደቂቃ ዓይኔ ላይ የመጣብኝ የልጆቼ አባት ነው፤ ያ በር ላይ ቆሞ ባዶ ቦታ ሲያነብ። አፌ ራሱ ተናገረ።

"አስጠንቅቄያታለሁ፣ ጌታዬ። ብዙ ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ።"

አንድም ቀን አስጠንቅቄያት አላውቅም።

ቀና ስል ጥንዴ በሩ ላይ ቆማለች። ሮጣ ነው የመጣችው፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ በእጇ ነው። ሰምታለች።

ኃላፊው በእንግዶቹ ፊት ስለ ፊርማው ሌላ ሳይጠይቁኝ "ወደ ቆሻሻ መለያው ትዛወር። ደብዳቤውን ዛሬውኑ ይጻፉላት" ብለው ሄዱ። ቆሻሻ መለያው ከምድር ቤት ነው። ከየታማሚው ክፍል የሚመጣውን ደም የነካውን፣ ሌላም የነካውን፣ አንዲት ሴት ብቻዋን እስከ ክንዷ ጓንት አድርጋ የምትለይበት።

ደብዳቤውን ሰጠኋት። አነበበችው። ሽርጧን ከመንጠቆው አወረደች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ እንዴት በተሻለኝ!

"መቼ ነበር ያስጠነቀቅሽኝ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "ረስቼው እንዳይሆን።"

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እናቷ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ለቅሶ ደረስኩ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የእናቷ አልጋ በደንብ ተነጥፎ ባዶውን ተቀምጧል፣ የአንሶላው ማዕዘን እንደ እኛ አጣጠፍ ነው። ሌሎቹ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጥንዴ እኔን ስታይ ተነሳች። ያለችውን አንዲት ወንበር በእጇ አበሰችና አቀረበችልኝ።

"ይቀመጡ" አለችኝ።

እንደ አለቃ ነው የተቀበለችኝ። እየተቃጠልኩ ተቀመጥኩ። ላለቅስ መጥቼ እንባ እንኳ አልወጣልኝም።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። "ዋሽቼ ነው" አልኳቸው። "አላስጠነቀቅኳትም። እሷን ወደ ቦታዋ ይመልሷት፤ እኔንም ወደ አንሶላ ማጠፉ።" መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ሰው እኮ ከፍ አድርጉኝ ብሎ ነው የሚያመለክተው፣ ዝቅ አድርጉኝ ብሎ ያመለከተ አላየሁም" አሉኝ። ግን ፈቀዱ። ሁለቱንም ፈቀዱ።

ወደ ምድር ቤት እየሮጥኩ ነው የወረድኩት፣ በዚህ ዕድሜዬ። ጥንዴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከረጢት ትፈታለች።

"ጥንዴ! ተመለሺ ተብሏል። ስሜ ከበሩ ተነስቷል። ነግሬያቸዋለሁ፣ ዋሽቼ ነው ብያቸዋለሁ። ነይ እንውጣ።"

ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደች። "እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። በእግዚአብሔር ስም፣ ከልቤ።"

"እንግዲያው ነይ።"

"አልመጣም።"

"ለምን?"

የምትፈታውን ከረጢት ፈትታ ጨረሰች። "አንሶላ ስናጥፍ የምንተያየው ፊት ለፊት ነው። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ። አልችልም፣ እህቴ። እዚህ ለመድኩ።"

እህቴ አለችኝ። ጥንዴ አላለችኝም።

ቤት ስገባ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጠዋት ያጠብኳቸው አንሶላዎች ግቢው ውስጥ ደርቀዋል። የልጆቼ አባት በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ሰምቶ ይሁን አልሰማም አላወቅኩም። አንዱን አንሶላ ከገመዱ አወረድኩና ይዤው ቆምኩ። ያው፣ ለብቻ አይታጠፍም። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ተነሳና መጣ። ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ይዞ አያውቅም። እኔ ወደ ቀኝ ሳጥፍ እሱ ወደ ግራ ያጥፋል። እንደ ምንም አድርገን ተጠጋጋን።

"ስምሽ በሩ ላይ የለም" አለኝ። "በዚያ አልፌ ነበር።"

አንድ አንሶላ።

"እኔ ነኝ አንሱልኝ ያልኩት። ይቅር በለኝ። አንተ ደስ እንዲልህ ብዬ ነበር የተቀበልኩት።"

ሁለተኛውን አንሶላ ወጠርን። ሲጠጋ ዓይኑን ወደ ጎን አደረገ።

"ቁልፉን የተቀበሉኝ ቀን" አለኝ፣ "አንቺ እልል ነው ያልሽው።"

ጌታዬ ሆይ! ዓመት ተኩል ሙሉ ያንን እልልታ ተሸክሞ ኖሯል። ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ሦስተኛውን ከገመዱ አወረድኩ። ስንጠጋጋ "ያረፍክ መስሎኝ ነው" አልኩት። "ወንበር አለው ስትለኝ… ያረፍክ መስሎኝ ነው።"

አራተኛውን አጠፍን። ጫፉን ሰጠኝና ጎንበስ ብሎ ከታች ያለውን አነሳ፤ ሲነሳ እጁ አልፎ ቀበቶውን ዳበሰ። አይቼ ያላየሁ መስዬ አላለፍኩም በዚህ ጊዜ። እጁን ያዝኩት።

እኛ ቤት ያለው አንሶላ አራት ብቻ ነው። አለቀ። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ቆምን። ገና ምንም አልተባባልንም፤ የጥንዴን ነገር አልነገርኩትም፣ እሱም ያንን ዓመት ገና አልነገረኝም። ከዚያ የልጆቼ አባት ወደ ክምሩ ጎንበስ አለና የላዩን አንስቶ ዘረጋው።

"ይሄ ጥሩ አልታጠፈም" አለ።

ከአራቱ ደህና የታጠፈው እሱ ብቻ ነበር።

"አዎ" አልኩት፤ "እንድገመው።" የእኔን ጫፍ ያዝኩ።